«አፕል» የሚለው ቃል የማን ነው?

ጨንቻ ላይ ፖም የሚያመርት ገበሬ ምርቱን በካርቶን አሽጎ በጎኑ በእንግሊዝኛ ስሙ «አፕል» ብሎ ቢጽፍበት ሊከሰው የሚችል ድርጅት በዓለም ላይ የለም። ይኸው ገበሬ ነገ ስልክ መገጣጠም ቢጀምርና በስልኩ ጀርባ ያንኑ ቃል ቢያትም ግን ብዙ ሳይቆይ የጠበቃ ደብዳቤ ይደርሰዋል። ሰውየው አልተለወጠም፤ ቃሉም አልተለወጠም። የተለወጠው የሚሸጠው ዕቃ ነው። የንግድ ምልክት ሕግ ዋና ምስጢር እዚህ ላይ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው።

አንድ ድርጅት ስሙን ሲያስመዘግብ «ቃሉን የራሱ አደረገው» ሲባል እንሰማለን። እንዲህ አይደለም። የቋንቋ ቃል የማንም አይሆንም፤ መዝገበ ቃላት አይሸጥም። ሕጉ የሚጠብቀው በቃሉና በአንድ ዓይነት ሸቀጥ መካከል በገዢው አእምሮ ውስጥ የተፈጠረውን ትስስር ነው። ገዢው ስሙን አይቶ «ይህን ያመረተው እገሌ ነው» ብሎ ሲያምን ሌላ ሰው በዚያ እምነት ላይ ተንጠላጥሎ እንዳይነግድ መከልከል፣ ጉዳዩ ይኸው ነው። ስለዚህም መብቱ ከደራሲ ወይም ከፈልሳፊ መብት የተለየ ጠባይ አለው። የፈጠራ ባለቤትነት መብት ጊዜው ሲደርስ ያበቃል፤ የቅጂ መብትም እንዲሁ። የንግድ ምልክት ግን ባለቤቱ እስከተጠቀመበትና እስካሳደሰው ድረስ ማብቂያ የለውም።

ታዲያ ማንኛውም ቃል ለዚህ ጥበቃ ይበቃል ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥር 1976 ኒውዮርክ ያለው የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት «ሳፋሪ» በሚለው ቃል ላይ በተነሣ የልብስና የባርኔጣ ክርክር ፍርድ ሰጠ። (ከዚህ በኋላ የማነሣቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ ሌላ አቆጣጠር ስጠቀም እናገራለሁ።) ዳኛው ሄንሪ ፍሬንድሊ ስሞችን በጥንካሬያቸው ደረጃ ከፋፈሉ፤ የሕግ ተማሪዎች እስከ ዛሬ የሚሸመድዱት ክፍፍል ነው። ከሁሉ በታች የዕቃው የራሱ መጠሪያ አለ። ለፖም ሻጭ «ፖም» ይህ ነው፤ ማንም የግሉ ሊያደርገው አይችልም፣ ምክንያቱም ሌላው ፖም ሻጭ ዕቃውን ምን ብሎ ሊጠራ ነው? ከዚያ በላይ የዕቃውን ጠባይ የሚገልጹ ቃላት አሉ፤ «ጣፋጭ»፣ «ትኩስ»፣ «ቀይ» የመሳሰሉት። እነዚህ የሚጠበቁት ከብዙ ዘመን አገልግሎት በኋላ ገዢው ከአንድ አምራች ጋር ብቻ ካያያዛቸው ነው። ከዚህ ከፍ ሲል ዕቃውን በግልጽ ሳይናገሩ የሚጠቁሙ ስሞች ይመጣሉ። ከላይ ደግሞ ከዕቃው ጋር ምንም ዝምድና የሌላቸው ቃላትና ጭራሽ ከባዶ የተፈጠሩ ስሞች ይገኛሉ፤ ጆርጅ ኢስትማን ለካሜራው የፈጠረው «ኮዳክ» በምንም ቋንቋ ትርጉም አልነበረውም።

«አፕል» ለኮምፒውተር ሲሆን ከላይኛው ደረጃ ይገባል። ፍሬውና ኮምፒውተሩ አንዳች የሚያገናኛቸው ነገር የለም፤ ስለዚህ ሌላ ኮምፒውተር ሻጭ ያንን ቃል የሚፈልግበት ሐቀኛ ምክንያት ሊያቀርብ አይችልም። አንድ ቃል በአንድ ገበያ ከሁሉ የደከመ፣ በሌላው ከሁሉ የጠነከረ የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው።

ያ የኒውዮርክ ፍርድ በተሰጠ በሦስተኛው ወር፣ ሚያዝያ 1 ቀን 1976፣ ስቲቭ ጆብስ፣ ስቲቭ ዎዝኒያክና ሮናልድ ዌይን ካሊፎርኒያ ውስጥ «አፕል ኮምፒውተር» የተባለውን ድርጅታቸውን አቋቋሙ። ጆብስ በኋላ እንደተናገሩት በዚያ ሰሞን ፍራፍሬ ብቻ ይመገቡ ነበር፤ ከአንድ የፖም እርሻም ገና መመለሳቸው ነበር። ሌላም ምክንያት ጨምረዋል፦ በስልክ ማውጫ ላይ ስማቸው ቀድሞ ይሠሩበት ከነበረው ከቪዲዮ ጨዋታ አምራቹ ከአታሪ በፊት እንዲመጣ። የሕግ ሰው ቢያማክሩ ኖሮ ምናልባት ሌላ ፍሬ ይመርጡ ነበር፤ ምክንያቱም ፖም ለንደን ውስጥ አስቀድሞ ባለቤት ነበረው።

በ1968 ቢትልስ የተባሉት የእንግሊዝ ሙዚቀኞች የንግድ ጉዳያቸውን የሚያስተዳድር «አፕል ኮር» የተሰኘ ኩባንያ መሥርተው ነበር። ምልክቱ ግራኒ ስሚዝ የተባለው አረንጓዴ ፖም ነው። በሸክላው በአንዱ ገጽ ሙሉው ፖም፣ ሲገለበጥ ደግሞ ለሁለት የተሰነጠቀው ፖም ይታያል፤ እኔ እስካሁን ካየኋቸው የሸክላ ምልክቶች ሁሉ እንደዚህ የሚያምር አላጋጠመኝም።

የንግድ ምልክት የሚመዘገብባቸው ዕቃዎችና አገልግሎቶች በዓለም አቀፍ ስምምነት በ45 ክፍሎች ተመድበዋል። ስምምነቱ በ1957 የተፈረመው በፈረንሳይ ከተማ ኒስ ስለሆነ በእርሷ ስም ይጠራል። ትኩስ ፍራፍሬ ክፍል 31 ውስጥ ነው፤ ቡና ክፍል 30፤ ልብስ ክፍል 25፤ የሙዚቃ ዝግጅት ክፍል 41። አንድ ሰፈር ውስጥ ሁለት ከበደዎች ቢኖሩ፣ አንዱ ልብስ ሰፊ ሌላው አናጺ ከሆነ፣ ኮት ልታሰፋ የወጣህ ሰው በራፍ አትሳሳትም። ምደባው የቆመው በዚህ ሐሳብ ላይ ነው። በአፕል ጉዳይ ግን አንድ የሚያስቅ ነገር አለ፦ የሙዚቃ ሸክላና ኮምፒውተር ሁለቱም ክፍል 9 ውስጥ ናቸው። ሸክላው ድምፅ የተቀዳበት ዕቃ፣ ኮምፒውተሩ መረጃ የሚያሰላ መሣሪያ በመሆኑ ምደባውን ያወጡት ሰዎች በአንድ መደርደሪያ ላይ አስቀመጧቸው። በ1957 ይህን ያደረገ ሰው ነገሩ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ጠበቆችን እንደሚያበላ አላሰበም።

አፕል ኮር በ1978 ከሰሰ። በ1981 ጉዳዩ በስምምነት አለቀ፤ የካሊፎርኒያው ድርጅት 80 ሺህ ዶላር ከፍሎ ሙዚቃ ንግድ ውስጥ ላይገባ፣ የለንደኑም ኮምፒውተር ውስጥ ላይገባ ቃል ተገባቡ። ሜዳውን ለሁለት ከፈሉት ማለት ነው። ያን ጊዜ ይህ ክፍፍል ለማንም ግልጽ ነበር። ኮምፒውተር ጢጥ ከማለት ያለፈ ድምፅ አያወጣም ነበርና።

ክፍፍሉን ያፈረሰው የሰው ክፋት አይደለም፤ ቴክኖሎጂው ነው። በሰማንያዎቹ አጋማሽ የድርጅቱ ኮምፒውተሮች ሙዚቃ የሚያቀናብሩና ድምፅ የሚቀዱ ሆኑ። በ1989 ሁለተኛው ክስ መጣ፤ በ1991 በ26 ነጥብ 5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተዘጋ። በዚያ ወቅት አንድ የድርጅቱ መሐንዲስ ለኮምፒውተሩ አጭር የማስጠንቀቂያ ድምፅ ሠርቶ ነበር። የመጀመሪያ ስሙ ሙዚቃ ሙዚቃ ይሸታል ተብሎ ስለተከለከለ «ሶሱሚ» አለውና የጃፓንኛ ቃል ነው ብሎ አሳለፈው። ቃሉን በእንግሊዝኛ ጮክ ብሎ ላነበበው ሰው ግን «እንግዲህ ክሰሱኝ» የሚል ነው።

የ1991ዱ ስምምነት ከመጀመሪያው ይልቅ ብልሃት ነበረው። ዋና ይዘታቸው ሙዚቃ የሆነ የፈጠራ ሥራዎች ለለንደኑ ድርጅት ተተዉ። የካሊፎርኒያው ደግሞ እንዲህ ያለውን ይዘት በሚያጫውቱ ወይም በሚያደርሱ ዕቃዎችና አገልግሎቶች ላይ ስሙን እንዲጠቀም ተፈቀደለት፤ ሙዚቃውን በሲዲ በመሰለ በእጅ በሚጨበጥ ነገር ላይ ቀድቶ መሸጥ ግን አይችልም። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ ተዋዋዮቹ ሙዚቃን ከሙዚቃ ማድረሻ ለይተው አስቀምጠዋል። ያኔ ይህ የቃላት ጨዋታ ይመስል ነበር። በሚያዝያ 2003 ድርጅቱ ዘፈን በኢንተርኔት የሚሸጥበትን መደብር ሲከፍት ግን የነገሩ ሁሉ መፍቻ እርሱ ሆነ።

አፕል ኮር በዚያው ዓመት ለሦስተኛ ጊዜ ከሰሰ። ጉዳዩ በ2006 ለንደን ውስጥ አንቶኒ ማን ለተባሉ ዳኛ ቀረበ። ዳኛው አስቀድመው የካሊፎርኒያው ድርጅት የሙዚቃ ማጫወቻ የሆነው የአይፖድ ባለቤት መሆናቸውን ለተከራካሪዎቹ አስታወቁ፤ የተቃወመ ግን አልነበረም። በግንቦት ወር የሰጡት ፍርድ ለካሊፎርኒያው ድርጅት ነበር። ምክንያታቸው በቀላል አማርኛ ሲነገር ይህን ይመስላል፦ መደብሩ ላይ ያለው ፖም ገዢው የሚያየው የሱቁ ምልክት ሆኖ ነው እንጂ የዘፈኑ ምልክት ሆኖ አይደለም። ዘፈኑን የገዛ ሰው የገዛበትን ቦታ ያውቃል፤ ዘፈኑን ያሳተመው ያ ሱቅ ነው ብሎ ግን አያምንም። ፍርዱ ትክክል ይመስለኛል። ሆኖም 1981 ላይ ቆሞ «ሙዚቃ ንግድ ውስጥ አንገባም» የሚለውን ቃል የሰማ ሰው ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ ትልቅ የሙዚቃ ሱቅ ሲከፈት ቢያይ «ይህ ካልገባ ምን ይገባል?» ቢል አይፈረድበትም።

ይግባኙ ሳይሰማ በየካቲት 2007 ታረቁ፤ ዕርቁም ጉዳዩን ገለባበጠው። «አፕል» ከሚለው ስም ጋር የተያያዙ የንግድ ምልክቶች በሙሉ የኮምፒውተሩ ድርጅት ሆኑ፤ እርሱም ለቢትልስ ኩባንያ አንዳንዶቹን መልሶ በፈቃድ ሰጠ። ስሙን በ1968 ያወጣው ድርጅት በራሱ ስም የሚነግደው ከጎረቤቱ ፈቃድ አግኝቶ ሆነ ማለት ነው። ከዕርቁ አንድ ወር በፊት የካሊፎርኒያው ድርጅት ከስሙ ላይ «ኮምፒውተር» የሚለውን ቃል አውጥቶት ነበር። የቢትልስ ዘፈኖችም በኅዳር 2010 በዚያው መደብር ለሽያጭ ቀረቡ።

ታሪኩ እዚህ ያለቀ ይመስላል፤ አላለቀም። በ2015 ድርጅቱ «አፕል ሙዚቃ» የሚል አገልግሎት ሲጀምርና ስሙን በአሜሪካ ለማስመዝገብ ሲያመለክት አንድ የጃዝ ጥሩምባ ነፊ ተቃወመ። ይህ ሰው ከ1985 ጀምሮ «አፕል ጃዝ» በሚል ስም በመድረክ ሲጫወት ኖሯል። በአሜሪካ ሕግ መብት የሚመነጨው ከመጠቀም ስለሆነ ጥያቄው ማን ቀደመ የሚል ነው። ድርጅቱ 2015ን ይዞ ሊያሸንፍ አይችልም፤ ስለዚህ ከቢትልስ ኩባንያ ያገኘውን፣ ስሙ ከ1968 ጀምሮ ሲሠራበት መቆየቱን የሚገልጽ ምዝገባ አወጣና «እኔ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ነበርኩ» አለ። አሮጌውን ቀን በአዲሱ ማመልከቻ ላይ መቀጠል በሕጉ የሚቻለው ምልክቱም ዕቃውም በገዢው ዓይን ያው ሲሆን ብቻ ነው። ያ ምዝገባ ግን ለሸክላ ነበር፤ ጥሩምባ ነፊው የሚሰጠው የመድረክ ጨዋታ ነው። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በሚያዝያ 2023 ሸክላና የቀጥታ የሙዚቃ ዝግጅት አንድ አይደሉም፣ በማመልከቻው ውስጥ ከተዘረዘሩት አገልግሎቶች በአንዱ መቅደምም ለሌሎቹ ሁሉ አይበቃም ብሎ ለጥሩምባ ነፊው ፈረደ። ከዓለም ሀብታም ድርጅቶች አንዱ በአንድ የጃዝ ተጫዋች ሲረታ ማየት ደስ ያሰኛል፤ አልደብቅም።

ብዙዎች ግን እስከዚያ ድረስ አይደርሱም። በ2020 አነስተኛ የምግብ አሠራር መተግበሪያ ያላቸው ሰዎች የፒር ፍሬ ምልክታቸውን ለማስመዝገብ ሲሞክሩ ይኸው ድርጅት ተቃወማቸው፤ በ2021 የተስማሙት የፒሩን ቅጠል ቅርጽ ለውጠው ነው። በስዊዘርላንድ ደግሞ ድርጅቱ በ2017 የግራኒ ስሚዝ ፖም ጥቁርና ነጭ ሥዕል ለማስመዝገብ አመለከተ። የአገሪቱ ጽሕፈት ቤት ለአንዳንድ ዕቃዎች ፈቅዶ ለሌሎቹ ከለከለ፤ ድርጅቱ በ2023 ይግባኝ አለ። ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረውና ምልክቱ ቀይ ፖም የሆነው የስዊስ ፍራፍሬ አምራቾች ማኅበር በዚህ ደነገጠ። እዚህ ላይ የሕጉ ጽንሰ ሐሳብና የሕጉ ኑሮ ይለያያሉ። በመጽሐፍ ላይ ድንበሩን የሚያሰምረው የዕቃው ዓይነት ነው፤ በተግባር ግን ድንበሩን የሚያሰምረው የጠበቃ ክፍያ መቻል ነው። ፍርድ ቤት ቢሄድ ሊረታ የሚችል ሰው ደብዳቤው ሲደርሰው ስሙን ይለውጣል፤ ርካሹ መንገድ እርሱ ነውና።

ለድርጅቶቹ ፍትሕ ለመስጠት ያህል፣ ሁሉም ጭካኔ አይደለም። ስሙን የማይጠብቅ ባለቤት ስሙን ያጣል። «አስፕሪን» በአሜሪካ የባየር የንግድ ምልክት ነበር፤ በ1921 ፍርድ ቤት ቃሉ በተራው ገዢ ዘንድ የመድኃኒቱ የራሱ መጠሪያ ሆኗል ብሎ ፈረደ። የእኛ ከተሞች ሰው ነገሩን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ባጃጅ የአንድ የሕንድ ፋብሪካ ስም ነው፤ እኛ ግን የማንም ሥሪት ይሁን ባለ ሦስት እግሩን ሁሉ ባጃጅ እንላለን። ሃይላንድ የአንድ የታሸገ ውኃ ስም ነበር፤ ዛሬ ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሁሉ ሃይላንድ ነው። የልብስ ሳሙና ዱቄትም ኦሞ ነው። ለሻጩ ይህ በአንድ በኩል ክብር ነው፤ በሌላ በኩል ግን ገዢው ስሙን ሲጠራ አንድን አምራች ማሰቡን ካቆመ፣ ሕጉ የሚጠብቀው ያ ትስስር ሞተ ማለት ነው።

ይህ የዝና አደጋ በኢትዮጵያ ላይ ደርሶ ያውቃል፤ የደረሰውም በቡና ነው። በ2005 የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ይርጋጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የሚሉትን ስሞች በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ለአሜሪካ መዝጋቢ መሥሪያ ቤት አመለከተ። የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ። ይርጋጨፌ አለፈ፤ ሐረርና ሲዳሞ ግን «እነዚህ የቡና ዓይነት መጠሪያ ሆነዋል» ተብለው በመጀመሪያ ተከለከሉ። ልክ ፖም ለፖም ሻጭ እንደሚሆነው ማለት ነው። ነገሩን ግራ የሚያደርገው፣ ስሞቹን የቡና መጠሪያ እስኪሆኑ ድረስ ያስከበሩት የገበሬዎቹ ልፋትና ጥራት መሆናቸው ነው። ገዢው «ሲዳሞ» ሲባል ጣዕሙን ያውቃል፤ ያ ጣዕም ከየት እንደመጣም ያውቃል። መዝጋቢው ግን የመጀመሪያውን ብቻ አየ።

ተቃዋሚዎቹ ሌላ መንገድ አመላክተው ነበር፤ ቡናው የበቀለበትን ቦታ የሚያረጋግጥ ምልክት ይውሰዱ የሚል። ሐሳቡ ሲሰሙት ምክንያታዊ ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለው ምልክት እያንዳንዱ ከረጢት ከተባለው ቦታ መምጣቱን የሚቆጣጠር አካል ይጠይቃል። ቡናችን የሚለማው በሚሊዮን በሚቆጠሩ አነስተኛ ማሳዎች ላይ ነው፤ ከገበሬው እጅ ወጥቶ በብዙ ሰብሳቢዎች በኩል ያልፋል። በዚህ ሁሉ ላይ ተቆጣጣሪ ማቆም የሚጠይቀው ወጪ ስሙ ከሚያስገኘው ጥቅም ሊበልጥ ይችላል። በወቅቱ የጽሕፈት ቤቱ ዋና ዳይሬክተር የነበሩት አቶ ጌታቸው መንግሥቴ የተከተሉት ስልት ቀለል ያለ ነበር፦ ስሙን አገሪቱ ትያዝ፤ ነጋዴዎች ያለ ክፍያ በፈቃድ ይጠቀሙበት፤ በምላሹ ስሙን ያስተዋውቁ። የአሜሪካው የቡና ሽያጭ ድርጅት ስታርባክስ ከረጅም ውዝግብ በኋላ በሰኔ 2007 ፈረመ። ሐረርና ሲዳሞም ኋላ ተመዘገቡ።

በአገር ውስጥ ጉዳዩ የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 501/1998 ነው፤ ይህ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው። እዚህ ጥሩምባ ነፊውን ያዳነው ደንብ አይሠራም፤ በኢትዮጵያ ባለቤትነት የሚጸናው የምዝገባ የምስክር ወረቀት ሲሰጥ ነው። ለዓመታት በአንድ ስም የነገደ፣ ግን ያላስመዘገበ ሰው ቀድሞት ካስመዘገበ ሌላ ሰው ጋር ቢገጥም ከባድ ክርክር ይጠብቀዋል። ምዝገባው ማመልከቻው ከገባበት ቀን ጀምሮ ለ7 ዓመት ይጸናል፤ ከዚያ ይታደሳል። ብዙ ነጋዴ ደግሞ የንግድ ስምን ከንግድ ምልክት ጋር ይቀላቅላል። ንግድ ፈቃድ ላይ የሰፈረው ስም ድርጅቱን ይለያል፤ ምልክቱ ግን ዕቃውን ነው የሚለየው፤ ስለዚህ አንዱን ማውጣት ሌላውን አያስገኝም።

አዲስ አበባ ውስጥ የፖም ጭማቂ ጨምቆ ለመሸጥ ያሰበ ሰው «ፖም ጭማቂ» ብሎ ሊያስመዘግብ ቢሄድ ይመለሳል፤ «ጣፋጭ ፖም»ም አያዋጣውም። ያንኑ ጭማቂ በአያቱ ስም ወይም በሰፈሩ ወንዝ ስም ቢጠራው የተሻለ ዕድል አለው። «አፕል» ብሎ የተገመጠ ፖም ሥዕል ቢጨምርበት ግን፣ ምንም እንኳ ጭማቂና ስልክ የማይገናኙ ቢሆኑ፣ በሰፊው ለታወቁ ምልክቶች ሕጉ ከክፍሎቹ አጥር አልፎ ልዩ ጥበቃ ስለሚሰጥ መዝጋቢው ዘንድ መከራከር ይኖርበታል።